እናቴ ብቻዋን ከኮምቦልቻ ኪንግስተን ልትበር ነው፤ ኤርፖርቱን የሚያውቅ አለ?

የሰኞ ገበያዋ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። እንደምን ከረማችሁ?

እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ልትሳፈር ነው። የምትሄደው ደግሞ ቅርብ አይደለም፤ ጃማይካ፣ ኪንግስተን። እህቴ እዚያ ነው ያገባችው። ጥር ላይ ትወልዳለች፣ የመጀመሪያ ልጇ ነው። እናቴ «ልጄን በሰው አገር ማን ያርሳታል?» ብላ ከተነሳች ሁለት ወር አለፋት። የመግቢያ ወረቀቱን እህቴ ጨርሳለች። የቀረው ትኬቱና መንገዱ ነው።

እናቴ 61 ዓመቷ ነው። እንግሊዝኛ አትችልም። ከደሴ ወጥታ የምታውቀው አዲስ አበባንና ግሸንን ነው። አብሬያት እንዳልሄድ ሥራዬ አይለቀኝም፣ የሁለት ሰው ትኬት ደግሞ አቅማችን አይደለም።

ትኬት ቢሮ ሄጄ ሁለት አማራጭ ነገሩኝ። አንደኛው ሞንቴጎ ቤይ የሚያርፍ ነው፣ ዋጋው ቀነስ ይላል። «የጃማይካ ዋናው ኤርፖርት ይሄ ነው» አሉኝ። ሁለተኛው ራሱ ኪንግስተን ያርፋል። የትኛው ይሻላል? ኤርፖርቱ ውስጥ ምን ይጠይቋታል? ሻንጣዋን የት ታገኛለች? ለአራስ የሚሆን የገንፎ ዱቄት፣ ቅቤ፣ በሶ ማስገባት ይቻላል? ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ። የሄደ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

ፒያሳ ደሴ

ሰላም እህቴ። እኔ ትኬት ሥራ ላይ ነኝ፣ አሥር ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስለ ትኬቱ ብቻ ልናገር። ሌላውን መንገዱን የሄደ ሰው ይንገርሽ።

ሞንቴጎ ቤይ ያለው ኤርፖርት ሳንግስተር ይባላል። ከሁለቱ ብዙ መንገደኛ የሚያስተናግደው እሱ ነው፤ «ዋናው» ያሉሽ ለዚያ ነው። የባሕር ዳርቻ ሆቴሎቹ በዚያ በኩል ስለሆኑ አብዛኛው ቱሪስት እዚያ ይወርዳል። ኪንግስተን ግን የደሴቲቱ ሌላኛው ጫፍ ላይ፣ ደቡብ ምሥራቅ ነው። ከሞንቴጎ ቤይ በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ናትስፎርድ ኤክስፕረስ የሚባል ጥሩ አውቶቡስ አለ፣ ለወጣት ምንም አይልም። ለእናትሽ ግን ያን ሁሉ በረራ ጨርሳ ሌላ ጉዞ መጀመር ነው። ነፍሰ ጡር እህትሽም እዚያ ድረስ ሄዳ ልትቀበላት ነው። የምታተርፉት ብር ድካሙን አያክልም። ኪንግስተን ይሁን። ኤርፖርቱ ኖርማን ማንሌይ ይባላል። ትኬቱ ላይ ኬ አይ ኤን የሚል ኮድ መኖሩን እዪ። ኤም ቢ ጄ ካለ ሞንቴጎ ቤይ ነው።

እኔን ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ትራንዚቱ ነው። ከአዲስ አበባ ጃማይካ ቀጥታ በረራ የለም። በአሜሪካ በኩል ከሆነ ከኤርፖርት ባትወጣም የአሜሪካ ቪዛ ያስፈልጋታል። ቪዛው ቢገኝም ኢሚግሬሽን አልፋ፣ ሻንጣዋን አንስታ፣ በጉምሩክ አሳልፋ፣ እንደገና ማስረከብ አለባት። ቋንቋ ለማይችል ሰው ይሄ ከባድ ነው። በጀርመን በኩልም ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ይጠይቃሉ። ካናዳም ትጠይቃለች፣ ግን ቆይታዋ ከ48 ሰዓት በታች ከሆነ ክፍያ የለውም።

እኔ ለእናትሽ የምመርጠው የቶሮንቶውን ነው። እስከ ቶሮንቶ በኛው አየር መንገድ፣ ከዚያ በኤር ካናዳ ኪንግስተን። ሁለቱም የሚጠቀሙት ተርሚናል 1ን ነው፣ ከተርሚናል ተርሚናል መንከራተት የለም። ሁሉም በአንድ ትኬት ይቆረጥ። ከኮምቦልቻ ያለውንም ጨምሮ ማለቴ ነው። አንዱ በረራ ቢዘገይ ቀጣዩን የሚያስተካክሉላት ያኔ ነው። ደግሞ የትራንዚት ቪዛው እጇ ሳይገባ ለትኬት ብር እንዳትከፍዪ።

የሐያት እናት (ኮምቦልቻ)

አብሽሪ ልጄ።

ይህንን መንገድ እኔ ሄጄዋለሁ። ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ 27 ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። የእኔም ልጅ ኪንግስተን ናት፣ አምና ነው የወለደችው። እንደ እናትሽ እንግሊዝኛ አልችልም። አሁንም ይህን የሚጽፍልሽ ትንሹ ልጄ ነው፣ እኔ እየነገርኩት።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ስሚኝ። ትኬቱ ሲቆረጥ ዊልቸር ጠይቁላት። ክፍያ የለውም። ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት ይጠየቅ፣ ለሁሉም በረራ መመዝገቡንም አረጋግጪ። እኔ እግሬ ጤነኛ ነው፤ ገበያ ደርሼ የምመለሰው በእግሬ ነው። ሐያት ዊልቸር ስትለኝ ተቆጣኋት። «ሽባ ሆንኩ ወይ?» አልኳት። ቶሮንቶ ስደርስ ነው የገባኝ። አዳራሹ አያልቅም። ሰው ሁሉ ይሮጣል። በየቦታው ጽሑፍ አለ፣ አንዱም አይነበብልኝም። አንዲት ልጅ ግን ስሜን በወረቀት ይዛ የአውሮፕላኑ በር ላይ ቆማ ነበር። አስቀመጠችኝ፣ ገፋችኝ። የሚናገረውን እሷ ተናገረች፣ እኔ ፓስፖርቴን ብቻ አሳየሁ። ከአውሮፕላን በር እስከ አውሮፕላን በር አደረሰችኝ። ያቺ ልጅ ባትኖር እስካሁንም እዚያው ነበርኩ።

ሌላው፣ ከቦሌ ተነስቶ ቶሮንቶ ከመድረሱ በፊት አውሮፕላኑ መሃል ላይ ያርፋል። ነዳጅ ሊሞላ ነው። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ተሸክሞ መነሳት ይከብደዋል አሉ። ይህን ያስረዳኝ አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ ነው። እኔማ የደረስኩ መስሎኝ ሻሼን አስተካክዬ ብድግ ብዬ ነበር። «እማማ፣ ገና ነው» አለኝ። ለእናትሽ አስቀድመሽ ንገሪያት። መጀመሪያ ሲያርፍ ከወንበሯ እንዳትነሳ።

ኪንግስተን ስትደርስ ደግሞ አትደንግጥ። አውሮፕላኑ ወደ ባሕሩ ነው የሚወርደው። በዚህም ውሃ፣ በዚያም ውሃ፣ መሬት አይታይም። እኔ ላኢላሃ ኢለላህ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ኤርፖርቱ ያለው ፓሊሳዶስ የሚባል፣ እንደ መቀነት ቀጥኖ ባሕር ውስጥ የገባ መሬት ላይ ነው። በአንድ በኩሉ ወደቡ ነው፣ በሌላው ትልቁ ባሕር። ወደ ከተማው የሚወስደውም መንገድ በዚያው መቀነት ላይ ይሄዳል። ስመለስ ግን ዓይኔን ገልጬ አየሁት። ውብ ነው።

ስትወርድ ሙቀቱ ይቀበላታል። እኔ ኮምቦልቻ ስላለሁ ሙቀት አውቃለሁ፣ የዚያ ግን እርጥብ ነው፣ ልብስ ገላ ላይ ይጣበቃል። አውሮፕላን ውስጥ ደግሞ ይበርዳል። ስስ ቀሚስ ትልበስ፣ ከላይ ጋቢዋን ትደርብ፣ ስትደርስ ታወልቀዋለች።

ከዚያ ፓስፖርት የሚታይበት አዳራሽ ነው። የአገሬው ሰልፍ ለብቻ ነው፣ የእንግዳው ለብቻ። ሲ5 የሚባል የመግቢያ ቅጽ አለ። አሁን በኢንተርኔት ነው የሚሞላው። እህትሽ እዚያ ሆና ትሙላላት። አትማችሁ ስጧት። የሚጠይቁት ነገር ትንሽ ነው። የት ታርፊያለሽ? ማን ጋ መጣሽ? ስንት ቀን ትቆያለሽ? መመለሻ ትኬት አለሽ ወይ? ሐያት መልሱን ሁሉ በእንግሊዝኛ በአንድ ገጽ ጽፋ ልካልኝ ነበር። አድራሻዋን፣ ስልኳን፣ የባሏን ስም፣ የምመለስበትን ቀን። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ በፕላስቲክ አስለበስኩት። ሰውየው ወረቀቱን አነበበ፣ ቀና ብሎ አየኝና ማህተሙን መታ። በቃ፣ ይኸው ነው።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርዷን እንዳትረሱ። ከኛ አገር ለሚሄድ ሰው ይጠየቃል። ክትባቱ የሚሠራው ከ10 ቀን በኋላ ነው፣ ስለዚህ ለመጨረሻ ሳምንት አትተዉት። አንዴ ከተከተበች ዕድሜ ልኳን ነው። ካርዱ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ እንዳይቀር። ፓስፖርቱም፣ ካርዱም፣ ያ ወረቀትም አንገቷ ላይ በሚንጠለጠል ቦርሳ ይሁኑ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ከጉዳዩ ብወጣም። ጃንሆይ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ጃማይካ ሲገቡ ያረፉት እዚሁ ኤርፖርት ነው። ያኔ ስሙም ፓሊሳዶስ ነበር። ሕዝቡ ጥሶ ገብቶ አውሮፕላኑን ስለከበበው ወዲያው መውረድ አልቻሉም። ሞርቲመር ፕላኖ የሚባል የራስታዎች መሪ ወጥቶ ሰዉን ካረጋጋ በኋላ ነው የወረዱት። ልጆቼ ሲነግሩኝ ተረት ይመስለኝ ነበር። ኪንግስተን ዊልቸሬን የምትገፋው ልጅ ግን ፓስፖርቴን ስታይ ቆመች። እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። ብዙ ነገር ተናገረች፣ እኔ የሰማሁት «ኢትዮጵያ» የሚለውን ብቻ ነው። እንባዬ መጣ። እናትሽ በሰው አገር ብቻዬን ነኝ ብላ እንዳትፈራ ነው ይህን የምነግርሽ።

አሁን ወደ ምግቡ። እኔ ቅቤ አንድ ኪሎ በእጅ ሻንጣዬ ይዤ ነበር። እንዳይቀልጥብኝ ብዬ ነው። መንገድ ላይ አንዱ ፍተሻ ጋ አወጡትና ጣሉት። ቅቤ እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጠረው፣ በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ አያልፍም አሉ። ገጠር ድረስ ሄጄ ያመጣሁት ቅቤ ነበር። አለቀስኩ። እናትሽ ቅቤ አትያዝ። በትልቁ ሻንጣም ቢሆን የወተት ነገርና ሥጋ ጉምሩክ ላይ ጣጣ አለው። ቋንጣም፣ ፍራፍሬም፣ ተክልም ይቅር።

የደረቀውን ትያዝ። የገንፎ ዱቄት፣ በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ አብሽ። እያንዳንዱን ለየብቻ አሽጉትና ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጻፉበት። ስም የሌለው ዱቄት ሰው ያጠራጥራል። ቅጹ ላይ ምግብ ይዘሻል ወይ የሚል አለ፤ አዎ ተብሎ ይሞላ። ችግር የሚያመጣው መደበቁ ነው። እኔ አዎ ተብሎ ስለተሞላ ጉምሩክ ጋ አስቆሙኝ። አንዲት ሴትዮ የበሶውን ፌስታል አገላበጠችው፣ ጽሑፉን አነበበች፣ መልሳ አስቀመጠችልኝ።

ለሕፃኑ ልብስ ስትገዙም ተጠንቀቁ። የወታደር ቀለም ያለው ልብስ እዚያ አገር በሕግ ክልክል ነው። ለልጅም ቢሆን አትግዙ።

ሻንጣ በሚዞረው ቀበቶ ላይ ይመጣል። የሁሉም ሰው ሻንጣ ጥቁር ነው። የጥለት ቁራጭ እጀታው ላይ እሰሩበት፣ ከሩቅ ታውቀዋለች። ዘመድ ውስጥ አይገባም፣ ውጭ ነው የሚጠብቀው። ስትወጣ ብዙ ሰው «ታክሲ፣ ታክሲ» ይላታል። ልጇን በዓይኗ እስክታይ ከዊልቸሩ እንዳትነሳ።

የሰኞ ገበያዋ (ደሴ)

እናቴ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የጃንሆይ ጋ ስደርስ ዝም ብላ ቆየችና «እሰይ» አለች። ፒያሳ ደሴ፣ አንተንም እግዚአብሔር ይስጥህ። የካናዳውን ነገር ማንም አልነገረኝም ነበር።

ዊልቸሩን ግን እምቢ ብላለች። «ቦሌ ላይ የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝ ምን ይላል?» ነው የምትለው። ሌላው፣ የምትሄደው ታኅሣሥ ላይ ስለሆነ በነቢያት ጾም ውስጥ ነው። አውሮፕላን ላይ ምን ትበላለች?

ቦርከና

እኔ ጃማይካ አልሄድኩም። ከኮምቦልቻ እየተነሳሁ በወር ሁለት ጊዜ እበራለሁ፣ ስለዚህ ስለ መነሻው ልንገርሽ።

የትኬቱ ሰዓት በፈረንጅ ነው። እናትሽ በኛ ሰዓት ነው የምትቆጥረው። 08:10 ካለ ከጠዋቱ 2፡10 ነው፣ 22:45 ካለ ከምሽቱ 4፡45። ትልቁ ወጥመድ እኩለ ሌሊት ያለፈው ነው። ማክሰኞ 00:30 ከተባለ ቦሌ መገኘት ያለባት ሰኞ ማታ ነው። አጎቴን ያስቀረው ይኸው ነው፤ በማግስቱ ማታ ሄደ። ቀኑንም ሰዓቱንም በኛ አቆጣጠር በትልቁ ጻፊና ግድግዳ ላይ ለጥፊላት።

ከተቻለ ከአንድ ቀን በፊት አዲስ አበባ ትደር። ኮምቦልቻ የሚመጣው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ነው፣ አየሩ ከተበላሸ ይዘገያል ወይም ይቀራል። ከደሴ ስትወርዱም ሐረጎ ላይ ጭጋግ ወይም የጭነት መኪና ሊይዛችሁ ይችላል። እንደ ከተማ ጉዞ በመጨረሻ ሰዓት አትውጡ። የኮምቦልቻ ኤርፖርት ራሱ ትንሽ ነው፣ አያስፈራም። አስፋልቱን በእግሯ አቋርጣ ደረጃውን ትወጣለች። ቦሌ ስትደርስ የአገር ውስጡ ሌላ ነው፣ ወደ ውጭ የሚሄደው ከተርሚናል 2 ነው። ሻንጣዋ ከኮምቦልቻ እስከ ኪንግስተን መለጠፉን እዚያው ስታስረክቡ ጠይቁ። ወረቀቱ ላይ ያ ኬ አይ ኤን የተባለው ኮድ መኖር አለበት።

እህትሽ ደግሞ ደሴ ስትደውል ሰዓቱን ታስላው። ኪንግስተን ከኛ 8 ሰዓት ወደኋላ ነው። እዚህ ቀን 6 ሰዓት ሲሆን እዚያ ገና ሌሊት 10 ሰዓት ነው። የስልክ ቻርጀርም ያስቡበት። የእዚያ አገር ሶኬት ጠፍጣፋ እግር ነው፣ የኛ ክብ እግር አይገባም። ማስተካከያውን አዲስ አበባ ትገዛለች።

የሐያት እናት (ኮምቦልቻ)

ለእናትሽ ስልኬን በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። ትደውልልኝ። ይህንን እኔ ብነግራት ይሻላል፣ አንቺ ልጅ ነሽ፣ አትሰማሽም።

ቦሌ ላይ የሚያውቃት ሰው ቢያያት ምን አለበት? እኔን ያየኝ ሰው ነበር፣ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ። «አሞሽ ነው?» አለኝ። «የለም፣ መንገድ አላውቅም» አልኩት። «ደግ አደረግሽ» ብሎ ሻንጣዬን አነሳልኝ። ቦሌ ላይ ከከበዳት ልጆች አሉ፣ በአማርኛ ጠይቃ በእግሯ ትሄዳለች። ቶሮንቶና ኪንግስተን ላይ ግን ከዊልቸሩ እንዳትወርድ። እሷ መንገድ ጠፍቷት ብትቀር ያቺ ነፍሰ ጡር ምን ትሆናለች? ይህንን በያት።

ለምግቡ፣ ትኬቱን የቆረጠው ሰው ምግብ ያዝላት። እኔ የሙስሊም ምግብ አሳዝዤ ነበር፣ በስሜ መጣልኝ። የእናንተ ጾም ቪጋን በሚለው ነው የሚታዘዘው፤ ሥጋም ወተትም እንቁላልም የለውም። ከበረራው አንድ ቀን በፊት ማለቅ አለበት። ለኤር ካናዳውም ለብቻው ጠይቁ። ትንሽ ቆሎም በኪሷ ትያዝ።

ቅቤው እንዳይቆጫት። እኔ ኪንግስተን ስገባ ሐያት ከሱቅ ጨው የሌለው ቅቤ ገዝታ ጠበቀችኝ። ኮረሪማና ደረቅ ኮሰረት ይዤ ነበር። በማግስቱ አነጠርኩት። ቤቱ ወሎ ወሎ ሸተተ። ልጄ ከአልጋዋ ተነስታ ኩሽና መጣች። ገንፎውን በዚያ ቅቤ ነው የበላችው። እህትሽም ከአሁኑ ቅቤውን ገዝታ ትጠብቅ።

የሰኞ ገበያዋ (ደሴ)

ደወለችልዎት አይደል? ከስልኩ በኋላ «እሺ፣ ይጠየቅልኝ» አለችኝ። ምን እንዳሏት አልነገረችኝም፣ ብቻ እያሳቋት ነበር። ዛሬ ክትባቱን ተከተበች። ወረቀቷንም በፕላስቲክ አስለብሼዋለሁ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረችኝ። ኮረሪማውን ከነፍሬው ነው የያዙት ወይስ አስፈጭተው?

የሐያት እናት (ኮምቦልቻ)

አስፈጭታ ትያዝ። ፍሬውን ከያዘች የሚተከል ዘር ነው ብለው ይወስዱባታል። ኮሰረቱም ደርቆ ይታሽ፣ እንጨቱ ይለቀም። ሁለቱንም በትንሽ በትንሽ ፌስታል፣ ስማቸው ተጽፎ። አንድ እፍኝ ይበቃል፣ ለአንድ አራስ ብዙ አይፈጅም።